አሞሌ፣ አርሆና ትምህርት ቤት፦ በዳሎል የጨው ሜዳና በደጋው መንደር ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ኑሮ

መግቢያ

ጨው በያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ወጥ ውስጥ ይገባል፤ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ቈረጠው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ብለው ተርተዋል። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። ዳሩ ግን ጨው በእርግጥ እንደ ድንጋይ ከመሬት እየተፈለጠ፣ እንደ ድንጋይ እየተጠረበ የሚወጣበት አገር በኢትዮጵያ አለ፤ በዚያም ሥራ ብዙ ትውልድ ተወልዶ አድጎበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአፋር ሰሜናዊ ክፍል በዳሎል አካባቢ ያለውን የጨው ሥራና በሥራው ዙሪያ የተመሠረተውን የሁለት ሕዝብ ኑሮ ነው። አንደኛው ጨዉን የሚቈርጠው የቈላው አፋር ሲሆን ሁለተኛው ጨዉን ጭኖ ወደ ደጋ የሚያወጣው የምሥራቅ ትግራይ ገበሬ ነው። ዋናው ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ሥራው ራሱ እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ ልጅን ሲያሳድግ በኖረበት አገር የመንግሥት ትምህርት ቤት ቦታውን ለመያዝ ለምን ተቸገረ? አሁን ደግሞ የቀድሞው ሥራ ሲቀንስ የልጁ ዕድል ምን ይሆናል?

ስለ እንደዚህ ያለው አገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሕዝቡ የትምህርትን ጥቅም ስለማያውቅ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ነገሩን ግን አይገልጸውም። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ያልላከ አባት አብዛኛውን ጊዜ የትምህርትን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የልጁ ጉልበት የሚያስፈልገው በየትኛው ወር እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው። ይህን ለመረዳት አስቀድሞ አገሩንና ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የአገሩ ሁኔታ

የዳሎል የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። መቀሌ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ ከመቀሌ ተነሥቶ ወደ ጨው የሚወርድ ነጋዴ በጥቂት ቀን ጉዞ ከ2000 ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርዳል፤ ሲመለስም ሸክሙን ይዞ ያንኑ ያህል ይወጣል። በመነሻው ብርድ ልብስ የሚያስፈልገው ሰው በመድረሻው ጥላ ፍለጋ ይጨነቃል።

የቦታው ሙቀት በዓለም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ድረስ በዳሎል በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ሌሊቱም ቀኑም፣ በጋውም ክረምቱም ተደምሮ የተገኘ አማካይ ስለ ሆነ የቀኑ ሙቀት ከዚህ ምን ያህል እንደሚበልጥ አንባቢ ራሱ ሊገምት ይችላል።

ጨዉ የተገኘው ከባሕር ነው። የቀይ ባሕር ውኃ በጥንት ዘመን ወደዚህ ዝቅተኛ ምድር እየገባ ሲደርቅ ጨዉ በንብርብር ቀረ። የንብርብሩም ውፍረት በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቈራጮቹ የሚያነሡት የላይኛውን ቅርፊት ብቻ ነው፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን አጥለቅልቆ በደረቀ ጊዜ አዲስ ቅርፊት ይተካል።

አሞሌ በታሪክ

የጨው ንግድ በአገራችን እጅግ የቈየ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደሚባል ወርቅ ወዳለበት አገር ይሄዱ እንደ ነበር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ ጽፏል። እርሱም ልብ ያለው ነገር አለ፤ ይኸውም ጨዉ ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ መሄዱ ነው።

ይህ አስተያየት ለጥናታችን ጠቃሚ ነው። በሜዳው ላይ ጨው ሞልቷል፤ ወርዶ ለቈረጠው ሰው እምብዛም ዋጋ የለውም። በሸዋ ወይም በጎጃም ገበያ ውድ ያደረገው የቈራጩ ላብ፣ የግመሉ ጉልበትና የመንገዱ አደጋ ነው። እንግዲህ አሞሌ በእጅ ከእጅ ሲተላለፍ የሚተላለፈው በውስጡ የተጠራቀመው የሰው ድካም ነበር ማለት ይቻላል።

የንግዱ ጥቅም ትልቅ ስለ ነበረ መንግሥት ዝም ብሎ አላለፈውም። በትግራይ የጨው ነጋዴዎችን ጉዞ የሚመራና የሚያስጠብቅ፣ ቀረጡንም የሚቈጣጠር ሹም ነበር፤ ማዕረጉም «ባልጋዳ» ይባል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በስማቸው የተቀረጸ ብር ካወጡ በኋላም አሞሌ በብዙ ገበያ ወዲያው አልጠፋም፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ገና ይሠራበት ነበር። ከገንዘብነት ከወጣ በኋላም ለወጥና ለከብት መመገቢያ መፈለጉ አልቀረም።

የሥራው አከፋፈል

የጨው መሬት ባለቤትነት የአፋሮች ነው። ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች ከአፋሮች ጎን የሚሠሩበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ማን በየትኛው ስፍራ እንደሚቈርጥ የሚወሰነው በአፋር ልማድ ነው። ሥራውም በሙያ የተከፈለ ነው። አንዳንዶቹ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ከሰነጠቁ በኋላ ረዣዥም እንጨት ከሥሩ አግብተው በኅብረት እየገፉ ያነሡታል። ሌሎቹ የተነሣውን ሰሌዳ በአጭር መጥረቢያ እየጠረቡ አራት ማዕዘን ያስይዙታል። የጠራቢው ሥራ ዓይንና እጅ ይፈልጋል፤ ልኩ ያልተስተካከለ ጨው በግመል ጀርባ ላይ አይደላደልም፤ ያልተደላደለውም በመንገድ ይሰበራል፤ የተሰበረው ደግሞ በገበያ ዋጋው ይወርዳል።

ሠራተኞቹ የሚያድሩት በሜዳው ዳር ባለችው በአሕመድ ኢላ መንደር ነው። ማለዳ ወደ ሜዳው ይሄዳሉ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ የቻሉትን ያህል ይሠራሉ። የጨው ነጸብራቅ ዓይንን ይጎዳል፤ ጨዋማው ውኃ እግርንና እጅን ይልጣል። ሥራው በውል ደመወዝ የታሰረ ሳይሆን ሰው በቈረጠው ልክ የሚከፈልበት ስለ ሆነ የታመመ ሰው የዚያን ዕለት ገቢ ያጣል።

ጨዉን የሚጭነው የነጋዴ ጉዞ በትግርኛ «አርሆ» ይባላል። አርሆ ወራጁ አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ ነው፤ መሬቱ ጠባብና ዝናቡ የማይታመን ስለ ሆነ የእርሻውን ጎደሎ በጨው ይሞላል። የሚነሣውም ከአፅቢ፣ ከአጉላዕ፣ ከውቅሮና ከመቀሌ ዙሪያ ካሉት መንደሮች ነው። ግመል፣ በቅሎና አህያ ይነዳል። ለእንስሳቱ ገለባ ይዞ ይወርድና በመንገዱ በታወቁ ስፍራዎች ከፊሉን ለመመለሻ አስቀምጦ ያልፋል፤ የሌላውን ሰው ገለባ የሚነካ ቢኖር በነጋዴው ዘንድ እንደ ከባድ ነውር ይቈጠራል። ስንቁ ብርኩታ ነው፤ ይኸውም ሊጡ በጋለ ድንጋይ ላይ ተጠቅልሎ በእሳት የሚጋገር የመንገደኛ ዳቦ ነው። አንድ ግመል እንደ ጉልበቱና እንደ ጨዉ መጠን ከ20 እስከ 30 የሚሆን የተጠረበ ጨው ይሸከማል።

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ስማቸው እምብዛም የማይነሣ ሴቶች ናቸው። በደጋው ባል ወደ አርሆ ሲወርድ አዝመራውን የምትሰበስበው፣ ከብቱን የምትጠብቀው፣ ለመንገዱ ዱቄቱን የምታዘጋጀው ሚስት ናት። በቈላውም ቤት የሚሠራው በሴቶች እጅ ነው፤ ከዘንባባ ቅጠል ምንጣፍ የሚሠሩትና ከዕንጨትና ከምንጣፍ የሚተከለውን ጎጆ የሚያቆሙት፣ ሲሰደዱም ነቅለው የሚጭኑት እነርሱ ናቸው። ውኃ መቅዳትም የሴቶችና የልጃገረዶች ድርሻ ነው። የውኃው መንገድ በረዘመ ቍጥር የልጃገረዲቱ የትምህርት ጊዜ እንደሚያጥር ልብ ይሏል።

ሥራው ያስተማረው ትምህርት

ልጅ በዚህ ኑሮ ውስጥ ሳይማር ያድጋል ማለት ስሕተት ነው። የአርሆ ነጋዴ ልጅ በመጀመሪያው ጉዞው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ኋላ ይከተላል። ጭነት ማመዛዘን፣ የገመድ ዐይነትና ቋጠሮ፣ የግመልን ሕመም ከአካሄዱ መለየት፣ ውኃ የሚገኝበትን ስፍራ ማስታወስ፣ ሌሊት በከዋክብት አቅጣጫ መያዝ ይማራል። ሒሳብም ይማራል፤ ጨዉን በስንት ገዝቶ፣ ለቀረጥ ስንት ከፍሎ፣ በመንገድ ስንቱ ቢሰበር፣ በገበያ በስንት ቢሸጥ እንደሚያተርፍ ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ በአእምሮው ያሰላል።

የአፋሩ ልጅም እንደዚሁ ነው። ከሁሉ በላይ የሚማረው «ዳጉ» የሚባለውን ሥርዓት ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጡና ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ጠብና ስለ ገበያ ያላቸውን ወሬ በተራ ይነጋገራሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት፤ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ ይገልጻል። ሐሰት ያወራ ሰው በማኅበረ ሰቡ ዘንድ እምነቱን ያጣል። እኛ በኮሌጅ ውስጥ ምንጭን ስለ መመርመር በብዙ ትምህርት የምናገኘውን ልማድ የአፋር ልጅ ፍየል ሲጠብቅ ያገኘዋል።

በዕድሜ የተቀራረቡ ሰዎች የሚገቡበት «ፊማ» የተባለም ማኅበር አለ። ፊማ አባሎቹን በሥራና በችግር ጊዜ ያረዳዳል፤ አጥፊውንም ይቀጣል። በዚህ ማኅበር ውስጥ ወጣቱ ትእዛዝ መቀበልን፣ በሸንጎ መናገርንና ለውሳኔ መገዛትን ይማራል።

ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት ከልክ በላይ ማመስገንም አይገባም። የሥራው ትምህርት ልጁን ለዚያው ሥራ ያዘጋጀዋል፤ ሥራው ጸንቶ እስከ ኖረ ድረስ ይበቃዋል። የጤና ባለሙያ የጻፈውን መድኃኒት አጠቃቀም ለማንበብ፣ የውል ወረቀት ፈርሞ ከመቀበሉ በፊት ለመረዳት፣ በሌላ አገር ሥራ ለመጠየቅ ግን አያስችለውም። ሥራው በተለወጠ ቀን ባለሙያው እንደ መሃይም ተቈጥሮ ከደጅ ይቀራል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ነው፤ ሥራውም እየተለወጠ መሆኑን ወደ ኋላ እንመለከታለን።

የትምህርት ወራትና የጨው ወራት

የጨው ሥራ የሚበዛው ሙቀቱ ጥቂት በሚበርድበት ጊዜ ማለት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ወራት ነው። የትምህርት ዘመን ደግሞ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። ሁለቱን ብናስተያይ ከ10ሩ የትምህርት ወሮች 7ቱ በጨው ወራት ላይ ይወድቃሉ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የጨው ሜዳውም ይከፈታል፤ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ የጨው ሜዳውም ከሙቀት የተነሣ ባዶ ይሆናል።

የክረምቱ ዕረፍት በደጋው ለሚያርሰውና ለሚያርመው ገበሬ የሚስማማ ነው። ለጨው ሠራተኛውና ለከብት አርቢው ግን አይስማማም። ክረምት በሆነ ጊዜ የአፋር ቤተ ሰብ ግጦሽና ነፋስ ወዳለበት ከፍታ ይሄዳል፤ በጋ ሲመጣ አባት ወደ ጨው ይወርዳል፤ ልጅ ወይ ይከተለዋል ወይ በእርሱ ፈንታ ፍየሉን ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ የመምህሩ መዝገብ ልጁን «ቀሪ» ብሎ ይጽፈዋል። ልጁ ቀሪ የሆነው ግን ከትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፤ ከሥራው አልቀረም።

ሁለተኛው ችግር የቦታ ነው። ትምህርት ቤት የሚሠራው በአንድ ስፍራ ነው፤ ቤተ ሰቡ ግን ይንቀሳቀሳል። ይህን ለማቃለል አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የተባለው ሥርዓት ተጀምሯል። በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያዎቹ 4 ክፍሎች ትምህርት በ3 ዓመት ተጨምቆ ይሰጣል፤ አስተማሪዎቹም ከዚያው ከማኅበረ ሰቡ ይመረጣሉ፤ የትምህርቱም ሰዓት ከመንደሩ ሥራ ጋራ ሊስማማ ይችላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ከዚህ ደረጃ አልፎ ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ሲሻገር ያው የመስከረምና የሰኔ አጥር ይጠብቀዋል። በሩ ተከፍቶለት ገብቶ ሁለተኛው በር ተዘግቶ እንደሚያገኘው ሰው ይሆናል።

ሦስተኛው የቋንቋ ነገር ነው። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሆኗል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ፊደል ሲቈጥር ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ ይሸከማልና። አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን ትግርኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ስለዚህ በበረሃሌ ገበያ አባቶቻቸው ሲገበያዩ የኖሩ ሁለት ልጆች ቢማሩ እንኳ አንዱ የሌላውን ጽሕፈት ማንበብ አይችልም። አባቶቻቸው ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ በመንገድ ላይ ይማሩ ነበር። ጎረቤቱን ቋንቋ እንደ ተጨማሪ ትምህርት መስጠት ለእንዲህ ያለው ጠረፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሥነ ትምህርት ተማሪዎች ሊመረምሩት የሚገባ ነው።

መንገድ፣ መኪናና አፍዴራ

አሁን ወደ ለውጡ እንመጣለን። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ከመቀሌ በበረሃሌ በኩል ወደ ጨው ሜዳው የሚወርድ የመኪና መንገድ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የረዥሙ አርሆ ጉዞ እጅግ አጠረ፤ ግመሎቹ ጨዉን እስከ በረሃሌ ወይም መኪና እስከሚደርስበት ስፍራ ያመጡና ከዚያ በኋላ መኪና ይረከበዋል። መንገዱ የታመመን ሰው ወደ ሆስፒታል፣ መምህርንና መጽሐፍን ወደ መንደር ያደርሳልና መልካም ነው። ዳሩ ግን ግመል ያለው ድኻ ገበሬ ያገኝ የነበረውን ትርፍ መኪና ያለው ባለ ገንዘብ ወስዶታል።

ሁለተኛው ለውጥ ከአፍዴራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ከዳሎል በስተ ደቡብ ባለው በአፍዴራ ሐይቅ የጨው ምርት ተስፋፋ። በአፍዴራ ጨው አይቈረጥም፤ ጨዋማው ውኃ በተዘጋጀ ገንዳ ውስጥ ተለቅቆ ፀሐይ ሲያተንነው የሚቀረው ጨው ይሰበሰባል። ሥራው ከወሎና ከትግራይ የሚመጡ የቀን ሠራተኞችን ጭምር ይጠራል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጨው በብዛትም በዋጋም አሞሌን በልጦ የአገሪቱን ገበታ ያዘ።

ሦስተኛው ከጤና ጋራ የተያያዘ ነው፤ ከትምህርት ጋራም በቀጥታ ይገናኛል። በደጋው አፈርና ውኃ አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሳል። አዮዲን ያነሰው ሰው እንቅርት ያወጣል፤ ከዚህም የሚብሰው ነፍሰ ጡሯ እናት አዮዲን ሲያንሳት የሚወለደው ልጅ አእምሮ በሚገባ አለማደጉ ነው። ይህ ጉዳት ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት የደረሰ ስለ ሆነ የቱንም ያህል ጎበዝ መምህር ቢገኝ ሊያክመው አይችልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በጨው ውስጥ ጥቂት አዮዲን መጨመር ብቻ ነው። የአሰብ ጨው ከተቋረጠ በኋላ አዮዲን የሌለው ጨው በገበያ በዛ፤ በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያዝ ደንብ አወጣ።

ይህ ደንብ ለአገሪቱ ሕፃናት ታላቅ በረከት ነው። ለአሞሌ ቈራጩ ግን ሌላ ገጽ አለው። አዮዲን ከደቀቀ ጨው ጋራ ይደባለቃል እንጂ በድንጋይ ጨው ውስጥ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ አሞሌ ከሰው ገበታ ተገፍቶ ወደ ከብት መመገቢያነት አዘነበለ። እዚህ ላይ ጥፋተኛ ፈልጎ ማውገዝ አይቻልም፤ የደጋው ሕፃን አእምሮ እንዲድን የተደረገው ነገር የቈላውን ሕፃን አባት ገበያ አጠበበ። ሁለቱም ልጆች የአንድ አገር ልጆች ናቸውና የአንደኛው ጥቅም የሁለተኛው ጉዳት ሆኖ እንዳይቀር ማሰብ የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

የጦርነቱ ዘመን

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ቈየ። በ2014 ዓ.ም. ውጊያው ወደ በረሃሌና ወደ አካባቢው ደረሰ፤ ብዙ የአፋር ቤተ ሰብም ከቀየው ተፈናቀለ። ለብዙ መቶ ዓመታት ነጋዴው የወረደበትና የወጣበት መንገድ የጦር ግንባር ሆነ። በትግራይ ትምህርት ቤቶች አስቀድመው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ተዘግተው ስለ ነበረ፣ ብዙ ልጆች ወደ ክፍል የተመለሱት ከ3 ዓመት በኋላ በ2015 ዓ.ም. ነው።

በ2012 ዓ.ም. የ4ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ የ10 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት 13 ዓመት ሆኖታል። በዚህ ዕድሜ የአርሆ ልጅ ገመድ ይዞ መንገድ የሚጀምርበት ነው። ከትንንሾች ጋራ በአንድ ወንበር መቀመጥ ያፍራል፤ ቤቱም ከጦርነቱ የተነሣ ድኽይቷልና ጉልበቱን ይፈልጋል። ስለዚህ የተዘጋ ትምህርት ቤት እንደገና ሲከፈት ተማሪው ሁሉ ይመለሳል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

የጨው ንግድ በጎረቤታሞች መካከል ያሠረው ገመድ ግን ፈጽሞ አልተበጠሰም ለማለት ምክንያት አለ። ደጋው ጨው ይፈልጋል፤ ቈላው እህል ይፈልጋል። የጥቅም መተሳሰር ብቻውን ሰላምን አያጸናም፤ ነገር ግን ሰላም ለመነጋገር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች የሚጀምሩበት ነገር ይሰጣቸዋል።

ከጨው ወደ ፖታሽ

በዳሎል ምድር ከተራው ጨው በታች ፖታሽ አለ። ፖታሽ ለማዳበሪያ የሚውል ማዕድን ነው። ጣልያኖች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለማውጣት ሞክረው ከመርሳ ፋጢማ ወደብ እስከ አካባቢው የሚደርስ ቀጭን የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሠፈር ሠርቶ ጕድጓድ ቆፈረ፤ ሥራውን ግን ሳይፈጽም ተወው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላም የካናዳው አላና ኩባንያ ምርመራ አደረገ፤ ድርሻውን የገዛው የእስራኤሉ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቋርጦ ወጣ። ከኩባንያዎቹ የቀረው ነገር ቢኖር የፈራረሰ ሠፈርና የዛገ ብረት ነው።

አንድ ቀን ሥራው እንደገና ቢጀመር ማን ይቀጠራል? ጥያቄው ለወደፊቱ የሚተው አይደለም። ጨው ለመቈረጥ የምስክር ወረቀት አያስፈልግም፤ ለፖታሽ ማውጫ ግን መኪና አንቀሳቃሽ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የላቦራቶሪ ረዳትና ጸሐፊ ያስፈልጋል። እነዚህ ሥራዎች ቢያንስ 10 እና 12 ዓመት የትምህርት ዝግጅት ይጠይቃሉ። ዛሬ 1ኛ ክፍል ያልገባ የአሕመድ ኢላ ልጅ ማዕድኑ ሲከፈት በገዛ አገሩ ዘበኛና ተሸካሚ ከመሆን አያልፍም፤ የሙያው ደመወዝ ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ የሚነሣው ቅሬታ ከየት እንደ መነጨ ለማወቅ የዛሬውን የትምህርት መዝገብ ማየት ይበቃል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የምንረዳው ይህን ነው። በዳሎልና በዙሪያው ያለ ሕዝብ ለትምህርት ባዕድ አይደለም፤ በሥራው ውስጥ ጠንካራ የትምህርት ሥርዓት ነበረው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ከዚያ ሥርዓት ጋራ በወራት፣ በቦታና በይዘት ሳይገናኝ ጎን ለጎን ቆመ። ቤተ ሰቡም ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ፤ በድኽነት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ዛሬ የሚያበላውን መምረጡ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ አንድ ዐይነት እንዲሆን የሚያስገድድ የተፈጥሮ ሕግ የለም። ቢቻል በጨው ወራት አጭር ሰዓት፣ በሌላው ወራት ረዥም ሰዓት ማስተማር ይቻላል፤ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ይህን በታችኛው ደረጃ እንደሚቻል አሳይቷልና እስከ 8ኛ ክፍል ቢዘልቅ መልካም ነው። ሁለተኛ፣ ለሚንቀሳቀሱ ቤተ ሰቦች ልጆች በወረዳ ከተማ ማደሪያና ምግብ ያለው ትምህርት ቤት ያስፈልጋል፤ ለልጃገረዶች ደግሞ በመንደሩ ውኃ ማስገባት ከማናቸውም ስብከት ይበልጣል። ሦስተኛ፣ የሒሳብ መምህር ምሳሌውን ከሩቅ አገር ከሚያመጣ ከግመል ጭነትና ከጨው ዋጋ ቢያመጣው ልጁ ሒሳብን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ይገነዘባል። አራተኛ፣ በጦርነቱ ዓመታት ዕድሜያቸው ላለፈ ልጆች ትምህርትና ሙያ አጣምሮ የሚሰጥ ለብቻ የሆነ ክፍል ሊከፈት ይገባል።

ለእኛ ለተማሪዎችም የተተወ ሥራ አለ። አርሆ የወረዱ አባቶች እያረጁ ነው፤ የመንገዱ የውኃ ስፍራዎች ስም፣ የገለባ አቀማመጥ ሕግ፣ በደጋውና በቈላው መካከል ጠብ ሲነሣ የሚታረቁበት ሥርዓት በብዛት አልተጻፈም። ከአፋርና ከትግራይ የመጡ ጓደኞቻችን በዕረፍታቸው ጊዜ ወደየቤታቸው ሲመለሱ አባቶቻቸውን ጠይቀው ቢጽፉ ለአገር ትልቅ ውለታ ይሆናል። ሲጽፉም የዳጉን ሥርዓት ይከተሉ፤ ያዩትን ካልሰሙት፣ የሰሙትንም ከማን እንደ ሰሙት ለይተው ያቅርቡ።